በሽታውን ሳይለዩ መድኃኒት መስጠት መንጋን አያድንም

የእንስሳት ሕክምና የሚጀመረው በመርፌ ሳይሆን በሽታውን ለይቶ በማወቅ ነው። ይህ ቃል ለሁሉ የታወቀ ቢመስልም በብዙ ስፍራ በሥራ ላይ ሲውል አይታይም። ይልቁንም በድሬዳዋና በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ነገሩ እጅግ ሊታሰብበት ይገባል። ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ አንሥቶ የንግድ በር ሆና የኖረች ከተማ ናት። ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው በሬ፣ ከሶማሌ ቆላ የሚነዳው ፍየል፣ በግና ግመል በእርስዋ ዙሪያ ይገናኛል። መንጋ በሚገናኝበት ስፍራ ደግሞ ከገንዘቡ ጋር በሽታውም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

የብዙ ባለመንጋ ልማድ የታወቀ ነው። ፍየሉ ሲያስል ወደ ገበያ ሄዶ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን ይገዛል፤ መጠኑን በግምት ለክቶ ይወጋል፤ ፍየሉ ጥቂት የተሻለው ሲመስል መርፌውን ያቋርጣል፤ ካልተሻለውም ሌላ ዓይነት ይገዛል። ሳል ግን የአንድ በሽታ ብቻ ምልክት አይደለም።

በቆላው አገር ፍየልን የሚያስሉ ቢያንስ ሦስት በሽታዎች አሉ። አንደኛው የፍየል ሳምባ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ፍየልን እንጂ በግን እምብዛም አይነካም፤ ትኩሳቱ ከ41 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የሞተው ፍየል ሲከፈት ብዙ ጊዜ አንደኛው ሳምባ ብቻ ጠጥሮ፣ ደረቱም የገለባ መልክ ባለው ቢጫ ውሃ ተሞልቶ ይገኛል። ሁለተኛው ደስታ መሰል በሽታ ነው፤ በግንም ፍየልንም ይይዛል፣ ዓይንና አፍንጫን ያዝረበርባል፣ አፍን ያቆስላል፣ ያስቀምጣል። ሦስተኛው ፓስቴሬላ በተባለው ባክቴሪያ የሚመጣው የሳምባ ምች ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ጉዞ፣ ረኃብ ወይም የአየር ለውጥ ያደከመውን መንጋ ይመታል።

ሦስቱም ያስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። የፍየል ሳምባን የሚያመጣው ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ፔኒሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው የውጭ ግድግዳውን እንዳይሠራ በመከልከል ነው፤ ማይኮፕላዝማ ግን ከፍጥረቱ ግድግዳ የለውም። ስለዚህ ባለመንጋው ፔኒሲሊን ሲወጋ ቢሰነብት ገንዘቡን ይጨርሳል እንጂ ፍየሉን አያድንም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ታይሎሲን በጊዜ ቢሰጠው ግን ሊረዳው ይችላል። ደስታ መሰል በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱም አይገድለውም፤ በላዩ የሚደረበውን የባክቴሪያ ሕመም ብቻ ያስታግሳሉ። ዋናው መከላከያው ክትባት ነው።

በድንገት ለሚገድሉትም በሽታዎች ፍርዱ ያው ነው። አባ ጎርባ የያዘው ወይፈን ጭኑ ወይም ትከሻው ያብጣል፤ እብጠቱም ሲዳሰስ ይንኮሻኮሻል። አባ ሰንጋ ግን ከብቱን ብዙ ምልክት ሳያሳይ ይጥለዋል፤ ከሞተም በኋላ ከአፍንጫውና ከሌሎች ቀዳዳዎች የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈሳል። እንዲህ ያለውን ሬሳ መክፈት ወይም ቆዳውን መግፈፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1876 እንዳስረዳው፣ የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ጠንካራ ዘር ያበጃል፤ ይህም ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ አሥር ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ሥጋውን የበላና ቆዳውን የነካ ሰውም ይታመማል። ሙያተኛው ከጆሮው ደም ሥር አንዲት ጠብታ ደም በመስተዋት ላይ ቀብቶ በማጉያ መነጽር ቢመረምር በሽታውን ሊያውቀው ይችላል፤ ሬሳው ግን ሳይከፈት ሊቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ሊቀበር ይገባል።

በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ሌላም ጉዳት አለው። መጠኑ ያነሰና ጊዜው ያጠረ መርፌ ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ብርቱውን ያስቀራል፤ ብርቱውም ዘሩን ያበዛል፤ ኋላ መድኃኒቱ በተፈለገ ጊዜ አይሠራም። የተወጋችው ላም ወተትም በመድኃኒቱ ማስታወቂያ የተወሰነው ቀን ሳይፈጸም ወደ ከተማው ሲወርድ፣ ሕፃኑና ሕመምተኛው ሳያውቁት መድኃኒት ይጠጣሉ። ከዚህም ሁሉ በላይ በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ክትባትና መድኃኒት ኃይሉ የሚጠፋ ስለሆነ፣ ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ባዶ ውሃ ይወጋል።

የእንስሳት ሐኪሙ ጥቂት፣ መንገዱም ሩቅ በመሆኑ ባለመንጋው የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ሊጠብቅ አይችልም የሚሉ አሉ። ይህ አባባል እውነትነት አለው። ሆኖም ምርመራ ማለት እያንዳንዱን ፍየል ወደ ከተማ ማምጣት አይደለም። ከታመሙት ከጥቂቶቹ በአግባቡ የተወሰደ ናሙና ስለ መንጋው ሁሉ ይናገራል፤ በሒርናም ሆነ በጅግጅጋ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ናሙናው እስኪመረመር ድረስም ሙያተኛው ትኩሳቱን ለክቶ፣ ምልክቱን አይቶ የታመሙትን ማከም፣ ከጤነኞቹም መለየት ይችላል። የሐኪም ማነስም መፍትሔ ያለው መሆኑን የአፋር በረሃ አስመስክሯል። በዚያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ሙቀትን የሚችል ክትባት ይዘው ከመንጋው ጋር በመዞር የደስታን በሽታ ከመሠረቱ ለማጥፋት ታላቅ ሥራ ሠርተዋል።

እንግዲህ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች ግልጽ ናቸው። ብዙ እንስሳ በአንድ ጊዜ የታመመ ወይም በድንገት የሞተ እንደ ሆነ ወሬው በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ይድረስ። የእንስሳት መድኃኒት ፈቃድ ከሌለው ሻጭና ከሜዳ ገበያ እንዳይሸጥ ይጠበቅ። በየቀበሌው ሁለት ወይም ሦስት አስተዋይ ሰዎች ትኩሳት መለካትን፣ ናሙና መያዝንና ሬሳ መቅበርን ይማሩ። በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ክትባት ተቋም የሚዘጋጀው የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የፍየል ሳምባ ክትባትም መንጋው ከመታመሙ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ሣጥን ተጠብቆ ይምጣ። ባለሀብቱም ለበሽታው ስም ሳይኖረው ለመድኃኒቱ ዋጋ አይክፈል።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን ከብት በፈጀ ጊዜ ገበሬው የሚያርስበትን በሬ አጥቶ፣ ያ ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። ያው በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ተነገረ። የጠፋውም ባለበት ስፍራ ሁሉ ተፈልጎ፣ ተለይቶና ተከትቦ ነው። ዛሬ መንጋውን የሚጎዱት በሽታዎች ያን ያህል የከበዱ አይደሉም፤ ባለመንጋውና ሹሙ ከመርፌው አስቀድመው ምርመራውን ቢያስቀድሙ ግን የሚድነው ሀብት ብዙ ነው።