«ሆርሞንሽ ተዛብቷል» የበሽታ ስም አይደለም

የአክስቴ ልጅ 24 ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ ከቀረ አምስት ወር ሲሞላው፣ አገጯ ላይም ጠጉር ማብቀል ሲጀምር፣ ከደመወዟ ቀንሳ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ይዛ የተመለሰችው ይህንን ነው፦ «ሆርሞንሽ ተዛብቷል። አይዞሽ፣ አግብተሽ ስትወልጂ ይስተካከላል።»

የትኛው ሆርሞን? በዛ ወይስ አነሰ? በምን ተለካ? ምንም የለም። መኪናችሁን ጋራዥ አስገብታችሁ «ሞተሩ ችግር አለበት» ብሎ ብቻ ሒሳብ የሚቀበላችሁ መካኒክ ቢገጥማችሁ ዝም ትላላችሁ? የሴት ልጅ አካል ሲሆን ግን ይኼው መልስ ሆኖ ያልፋል።

የወር አበባን የሚያዛባው ብዙ ነው። ታይሮይድ ሊሆን ይችላል፤ እንቅርትን ለዘመናት የምናውቅ ሕዝብ ይህን መጠርጠር ሊከብደን አይገባም ነበር። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞንም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታያሉ፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። በብዛት የሚገጥመው ግን ፒሲኦኤስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት እንዳልተመረመሩ ይገምታል። አዋቂ ሴት ላይ፣ ሌላ ምክንያት እንደሌለ ከተጣራ በኋላ፣ ከሦስት ምልክቶች ሁለቱ ይበቃሉ፦ የወር አበባ መዛባት፣ በተለምዶ የወንድ የሚባለው ሆርሞን መብዛት፣ አልትራሳውንድ ላይ የሚታዩ ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች። (ስሙ ውስጥ «ሲስት» ስላለ ኦፕሬሽን የሚታያቸው አሉ። ከረጢቶቹ እድገታቸውን ሳይጨርሱ የቀሩ የእንቁላል መያዣዎች ናቸው እንጂ የሚቆረጥ ዕጢ አይደሉም።)

«ስታገቢ» የሚለው ምክር የሚያናድደኝ ንቀት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አደገኛም ነው። እርግዝና ሳይኖር የወር አበባ ለወራት ሲቀር የማኅፀን ውስጠኛ ግድግዳ ሊወፍር ይችላል፤ ይህ ዓመታት ከዘለቀ ለካንሰር ያጋልጣል። ፒሲኦኤስ ለስኳር በሽታም ያጋልጣል። ስኳር ደግሞ ሽማግሌ እስኪላክ አይጠብቅም።

ክፍተቱን እነማን እንደሞሉት ታያላችሁ። በዚሁ ቴሌግራም ላይ «ሆርሞን አስተካካይ ሻይ» እየተባለ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበት ዱቄት ይቸበቸባል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

ጥፋቱን ሁሉ በሐኪምና በነጋዴ ላይ ጥዬ አልወጣም። ለማርገዝ ላላሰበች የፒሲኦኤስ ታማሚ፣ ከአመጋገብና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር በቅድሚያ ከሚታዘዙት አንዱ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ነው። እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንገባበት። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ጣቷ ላይ ቀለበት ይፈልጋል፤ ከኋላዋ የተሰለፈው ይጠቃቀሳል፤ ኪኒኑ ቤት ውስጥ ከተገኘ ቤቱ ሐዘን ቤት ይሆናል። «ልጄ ምን ሆና ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ «ከማን ጋር ነች?» ነው።

የአክስቴ ልጅ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የበሽታዋን ስም አወቀች፣ ስኳሯን ተለካች፣ ኪኒኑም ታዘዘላት። ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት በምሳ ሰዓት ትውጣለች። ዓርብ ማታ ለቅዳሜና እሁድ የሚሆናትን ሁለት ፍሬ ከማሸጊያው ቆርጣ፣ በሶፍት ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ቤቷ ትገባለች።