«ሒጃቡ 400፣ ማድረሻው 250?»



በቴሌግራምና በቲክቶክ ከሚሸጡ እህቶቻችን ፖስት ሥር ሰሞኑን የማይጠፋ አንድ ኮሜንት አለ። «ሒጃቡ 400 ብር ሆኖ ማድረሻው 250? አላህን ፍሩ እንጂ!» የሚል። ከሥሩ ላይክ የሚያደርግለት ብዙ ነው። እኛም በጉዳዩ ላይ ጥቂት ለማለት የተነሳነው ንዴቱ መሠረት የለውም ብለን አይደለም። ኑሮው ከብዷል፣ ብሩም በረካ አጥቷል። ችግሩ ንዴቱ የሚወርደው በዚህ ጭማሪ ከገዥው ይበልጥ በተጎዳችው ሰው ላይ መሆኑ ነው።

ሻጯን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ሱቅ የላትም። ልጆቿን ካስተኛች በኋላ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ ዋጋ ትጽፋለች፣ እስከ እኩለ ሌሊት ለጠያቂ ትመልሳለች። ጠዋት መርካቶ ወርዳ አሥር ሒጃብ፣ ሁለት አባያ ይዛ ትመለሳለች። ባሏ የሞተባት አለች። ከዐረብ አገር ተመልሳ በጇ የቀረችውን ጥሪት በዚህ ላይ ያዋለች አለች። ተመርቃ ሥራ ያጣችም አለች። ኪታብ፣ ዑድና የጥቁር አዝሙድ ዘይት የሚሸጡ ወንድሞችም በዚሁ መንገድ ነው የሚኖሩት። ለእነዚህ ሰዎች ሞተረኛው የሱቃቸው በር ነው። በሩ ሲወደድ ሱቁ ይዘጋል።

ሒሳቡን አብረን እንየው። እንበልና ሒጃቡን በ300 ብር አምጥታ በ400 ትሸጣለች። ትርፉ 100 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ የታክሲ፣ የፌስታልና የኢንተርኔት ፓኬጅ ይወጣል። ማድረሻው ከ150 ወደ 250 ሲገባ ጭማሪው ብቻ ትርፏን አከለ ማለት ነው። ራሴ ልሸከመው ብትል ባዶ እጇን ትቀራለች። ገዥው ይሸከመው ብትል የ400 ብሩ ዕቃ 650 ይሆንና ገዥው ዝም ብሎ ይጠፋል። አሁን ደግሞ በዚያው ሞተር ላይ የተጫነውን የ12,000 ብር ስልክ አስቡት። የሱም ማድረሻ 250 ነው፤ የስልኩ ነጋዴ ጭማሪውን ልብም ላይለው ይችላል። ማድረሻ የሚከፈለው በጉዞው እንጂ በዕቃው ዋጋ አይደለምና በጨመረ ቁጥር መጀመሪያ ከገበያ የሚወጣው ርካሹ ዕቃ ነው። አብራው ሻጯ ትወጣለች። ርካሽ ዕቃ ፈልጎ ወደሷ የመጣው ገዥም ይከተላል፤ ማለትም ኮሜንቱን የጻፈው ወንድማችን።

ታዲያ ሞተረኛው ነው ስግብግቡ? እሱንም አንቸኩልበት። ቤንዚን በ2014 መጨረሻ በሊትር 48 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያ በኋላም አልቆመም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ጎማና መለዋወጫም አብሮ ወጥቷል። ማደያ ተሰልፎ የሚያጠፋውን ሰዓት ማንም አይከፍለውም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ2011 ክረምት ጀምሮ ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ በመደረጉ እንደልብ ገብቶ ዋጋውን የሚያወርድ ተፎካካሪ የለም። የሞተረኛው ልጆችም እንጀራ ይበላሉ።

«የእከሌ ሱቅ ግን ነፃ ዴሊቨሪ አለው» የሚል ይኖራል። ነፃ የሚባል ማድረሻ የለም፤ ወይ ዋጋው ዕቃው ውስጥ ገብቷል፣ ወይ ሱቁ ብዙ ዕቃ በአንድ ጉዞ ስለሚልክ ለአንዱ ዕቃ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ትንሿ ሻጭ ግን ዛሬ አንድ ዕቃ ወደ አያት፣ አንድ ዕቃ ወደ ጀሞ ነው የምትልከው።

ከጭማሪው ሁሉ የከፋው በር ላይ የሚመለስ ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ከመንግሥትም ከቤንዚንም ወጥቶ ወደኛ ወደ ገዥዎች ይመጣል። ዕቃው ታዞ፣ አድራሻ ተሰጥቶ፣ ሞተረኛው ሰፈር ሲደርስ ስልክ አይነሳም። ወይም «ከቤት ወጥቻለሁ»፣ «ባለቤቴ አልወደደውም»፣ «ነገ ይሁን» ይባላል። ሻጯ ለመሄጃም ለመመለሻም ከከፈለች 500 ብር ወጣ። የአምስት ሒጃብ ትርፍ በአንድ ስልክ አለማንሳት ሄደ! ከዚያ በኋላ ይህን ኪሳራ ለማካካስ ዋጋ ስትጨምር የሚከፍለው ማን ነው? በሰዓቱ ወጥቶ ዕቃውን የተቀበለው ታማኙ ደንበኛ ነው።

ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። እንግሊዝ አገር እስከ 1840 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድረስ የደብዳቤን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ፖስተኛው በር ለበር እየዞረ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ተቀባዩ አልፈልግም ካለ ደብዳቤው ይመለሳል፣ ድካሙም ከንቱ ይቀራል። ሮውላንድ ሂል የተባለ ሰው በ1837 ባወጣው ጽሑፍ ደብዳቤውን ማጓጓዙ ራሱ ጥቂት እንደሚያስወጣ፣ ውዱ ነገር ሒሳቡን መያዝና ከየበሩ መሰብሰቡ እንደሆነ አሳየ። መፍትሔውም ላኪው አስቀድሞ የሚከፍለው አንድ ወጥ ዝቅተኛ ዋጋ ነበር። ቴምብር የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን የነበረው የደብዳቤ ብዛት በ1840 ወደ 169 ሚሊዮን ደረሰ። በርግጥ ዋጋው ራሱ እጅግ በመቀነሱም ነው።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። የዕቃው ዋጋ ሲደርስ ይከፈል፤ የማድረሻው ግን ሲታዘዝ በቴሌብር ወይም በባንክ ይላክ። «ይህ ቀብድ መብላት አይሆንም ወይ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ገዥው ሐሳቡን ሲቀይር ሻጩ ቀብዱን ማስቀረቱን ብዙኃኑ ዑለሞች ይከለክላሉ፣ የሐንበሊ መዝሀብ ይፈቅዳል። የማድረሻ ገንዘብ ግን ከዕቃው ዋጋ ላይ የተቆረጠ አይደለም። ሞተረኛው ለሄደበት መንገድ የሚከፈል የድካም ዋጋ ነው፤ እሱም መንገዱን ሄዷል። ሁለቱ አንድ አይደሉም ብለን እናስባለን፤ ዝርዝሩን በቅርባችሁ ያሉ ኡስታዞችን ጠይቁ። ወሏሁ አዕለም።

ሻጮችም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። ዋጋውን ደብቆ «ኢንቦክስ» ማለት፣ ማድረሻውን ሞተረኛው ከተነሳ በኋላ መናገር፣ ከሞተረኛው ጋር በ200 ተስማምቶ ከገዥው 250 መቀበል፣ ይህ ሁሉ በረካን ያነሳል። በፎቶ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ታይቶ ሲመጣ ጥቁር የሆነ አባያ ከተመለሰ የመሄጃውም የመመለሻውም ዕዳ የሻጯ ነው። ገዥውን መውቀስ አይቻልም።

ከአዲስ አበባ ውጪ ያለው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ደሴ፣ ጅማ ወይም ወራቤ ላለ ገዥ ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚሄደው በአውቶቡስ ረዳት እጅ ነው። የመኪናው ታርጋና የረዳቱ ስልክ ይላካል፣ ገዥው መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቃል። ደረሰኝ የለም፣ ዕቃው ቢጠፋ የሚጠየቅ የለም፣ ዋጋውም እንደ ረዳቱ ፊት ነው። ፖስታ ቤታችን ግን በ1886 የተቋቋመ ነው። ደረሰኝ ይሰጣል፣ የሚያስከፍለው በታወቀ ታሪፍ ነው፣ የግል ድርጅት ትርፍ አላገኝበትም ብሎ የሚተወው ከተማም ቅርንጫፍ አለው። ለትንሿ ሻጭ ከዚህ የተሻለ ተፈጥሯዊ አጋር አናውቅም።

ለዚህ ነው የፖስታ ታሪፍ ሲጨምር ጉዳዩ የደብዳቤ ጸሐፊዎች ብቻ ያልሆነው። ወደ ውጭ የሚላከው መወደዱ ይገባናል፤ የአየር ጭነቱም፣ አገሮች እርስ በርስ የሚከፋፈሉትም ሒሳብ በውጭ ምንዛሪ ነው። ወደ አሜሪካ ሲሆን ደግሞ ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጣ ዕቃ የነበረው ከቀረጥ ነፃ መብት በመነሳቱ በርካታ የዓለም ፖስታ ቤቶች ወደዚያ መላክ አቋርጠው ነበር። ይህን እዚህ ሆነን አንለውጠውም። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ የሚሄደው የግማሽ ኪሎ ጥቅል ግን አውሮፕላን አይሳፈርም። የሱ ዋጋ ከውጭው ጋር አብሮ መጎተት የለበትም። ጭማሪ የግድ ቢሆን እንኳ ወራት ቀድሞ ይነገር፤ ሻጯ የያዘችውን ትዕዛዝ በአሮጌው ዋጋ ትጨርስ። በወር ሃያና ሠላሳ ጥቅል ለምታመጣም ቅናሽ ይኑር። አሜሪካኖች መጻሕፍት በርካሽ እንዲጓዙ ከ1938 (በነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ለብቻው ዝቅ ያለ ታሪፍ አውጥተዋል። አንዳንድ ጥቅል በርካሽ መጓዝ አለበት ብሎ መወሰን የሚቻል ነገር ነው።

እስከዚያው ግን በከተማ ውስጥ በእጃችን ያለ ነገር አለ። ቤተል አካባቢ የሚሸጡ አምስት እህቶች ተነጋግረው የጀሞ ዕቃቸውን ማክሰኞና ዓርብ ብቻ በአንድ ሞተር ቢልኩ፣ ሞተረኛው ለተጨማሪው መቆሚያ 400 ብር እንኳ ቢጠይቅ ለአንዱ ዕቃ 80 ብር ይደርሳል። ገዥው ሒጃቡን ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃል፤ አጠቃላይ ሒሳቡም ከ650 ወደ 480 ይወርዳል። ዛሬውኑ ካልደረሰልኝ የሚል ደግሞ 250ውን ይክፈል፤ ምርጫው አስቀድሞ በግልጽ ይጻፍለት።