የግብር ቅናሹ የግዛቱ፣ ጉድለቱ የካውንቲው

በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት የንብረት ግብር፣ ማለትም በቤትና በመሬት ግምት ልክ በየዓመቱ የሚከፈለው ግብር፣ የሚውለው ለትምህርት ቤቶች፣ ለከተሞችና ካውንቲ ለሚባሉት የአካባቢ አስተዳደሮች በመሆኑ፣ ግዛቱ ከዚህ ግብር ነፃ የሚሆነውን ሲወስን የሚጎድለው የእነርሱ ካዝና ነው። ባለቤቱ ከሚኖርበት ቤት ግምት ላይ 7,000 ዶላር ከግብር ነፃ ሲሆን፣ በዚህ የታጣውን ገቢ ግዛቱ በዚያው የበጀት ዓመት እንዲተካ ሕገ መንግሥቱ ያስገድደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የዊሊያምሰን ሕግ ዕጣ ግን ሌላ ነው። በሕጉ መሠረት መሬቱን ቢያንስ ለ10 ዓመት ለእርሻ ወይም ለክፍት ቦታነት ብቻ ለማዋል ከካውንቲው ጋር የተዋዋለ ባለይዞታ ግብር የሚከፍለው በገበያ ዋጋ ሳይሆን መሬቱ በዚያ አገልግሎት በሚያስገኘው ገቢ ተሰልቶ ነው፤ ልዩነቱንም ግዛቱ በከፊል ይተካ ነበር። ይሁንና ማካካሻው የቆመው በተራ ሕግና በዓመታዊ በጀት ላይ ብቻ ስለነበር፣ በ2009 የበጀት ቀውስ ለመላው ግዛት የተተወለት ገንዘብ፣ ቀልድ ቢመስልም፣ 1,000 ዶላር ሆነ። ውሉ ግን ጸንቶ ስለቀጠለ ካውንቲዎቹ ቅናሹን ያለማካካሻ ተሸከሙ። ግዛቱ ቆይቶ ያመጣው መፍትሔ ካውንቲዎች ከፈለጉ የውሉን ዘመን በአንድ አሥረኛ አሳጥረው ቅናሹንም በዚያው መጠን እንዲቀንሱ የሚፈቅድ ነበር፤ ይህም የግዛቱን ግዴታ ከፊል ወደ ገበሬው ማዞር እንጂ ዕዳን መክፈል አይባልም።