ሸዋ የተሟገተበት ልደት

በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ «ክርስቶስ ስንት ልደት አለው?» ብሎ መጠየቅ የዋዛ ነገር አልነበረም። መልሱ መምህሩን ከወንበሩ፣ መነኩሴውን ከገዳሙ ያስነሣ ነበር፤ ንጉሡን ራሳቸውን ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር አጋጭቷል። ዛሬ ይህን የሚሰማ ሰው «በቁጥር ተጣሉ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ አላልፈውም። የሸዋ ሊቃውንት የልደትን ታሪክ ዋና ነገር ጨብጠው ነበር ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ የመጣው ያ ነገር በሰው ገላ ላይ ሲፈረድበት ነው።

ሉቃስ የተረከውን የማያውቅ የለም፦ የቄሳር ቆጠራ፣ የቤተ ልሔም ጉዞ፣ ማደሪያ መታጣቱ፣ ግርግሙ፣ በሌሊት መንጋቸውን የሚጠብቁት እረኞች። በታኅሣሥ ውርጭ ባናውን ተከናንቦ ከበጎቹ ጋር ያደረ የመንዝ እረኛ ይህን ክፍል ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። ነገር ግን በድህነት የተወለደ ሕፃን በየዘመኑ ሞልቷል። ታሪኩን የምሥራች የሚያደርገው በግርግም የተኛው ማን መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ምሥጢረ ሥጋዌ ብላ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ውስጥ ከምሥጢረ ሥላሴ አስከትላ ታስተምረዋለች።

የተዋሕዶ መልስ ሁለት ልደት ነው። ቀዳማዊው ከአብ ያለ እናት፣ ዘመን ሳይቆጠር፤ ደኃራዊው ከድንግል ማርያም ያለ አባት፣ በዘመን ውስጥ። የተወለደው ግን አንድ ወልድ ነው። በ431 እ.ኤ.አ. ኤፌሶን ላይ የተሰበሰቡት አባቶች ማርያምን ወላዲተ አምላክ ብለው ሲያጸኑ የጠበቁት ይህንኑ ነበር። በሸዋ የሰፋው የጸጋ ወይም የ«ሦስት ልደት» ትምህርት ሌላ ጨመረበት፦ ክርስቶስ በሰውነቱ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የጸጋ ልጅነትን ተቀበለ አለ። ጸጎቹን ያስጨነቃቸው ክርስቶስ በእውነት ሰው መሆኑ፣ እኛም በእርሱ በኩል ልጆች መባላችን ይመስለኛል። ጭንቀታቸው ክፉ አልነበረም። ተዋሕዶዎች ያዩት አደጋም ግን እውነተኛ ነው፤ ለሥጋው የብቻው ልጅነት ከተሰጠው በግርግም የተኛው አምላክ ራሱ መሆኑ ይቀርና አምላክ ያከበረው ሰው ወደ መሆን ያዘነብላል። ያን ጊዜ ገና የአንድ ቅዱስ ሰው የልደት ቀን ይሆናል።

ይህ ረቂቅ የሚመስል ትምህርት ምን ያህል ወደ ሥጋ እንደወረደ ለማየት የቀን አቆጣጠራችን ይበቃል። ጽንሰቱ መጋቢት 29፣ ልደቱ ታኅሣሥ 29፤ በመካከሉ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን አለ። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አንድ ቀን ይተርፋል። ስለዚህ ተከትሎት በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም.፣ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል። በዓሉ ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ የማኅፀኑ ቀን አይረዝምም። እርጉዝ ሴት በጣቷ የምትቆጥረውን ቀን ለአምላክ እንዲህ ሳይዛነፍ የሚቆጥር ሃይማኖት ሥጋን የሚንቅ ሊሆን አይችልም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ይህ በዓል በዓመት አንዴ ብቻ መታሰቡ አልበቃቸውም። ልደት በየወሩ በ29 እንዲከበር አዘዙ፤ በስማቸው የሚታወቀው መጽሐፈ ሚላድም ለዚሁ የሚነበቡ ድርሳናትን ይዟል። ለማርያምና ለመስቀል ይሰገድ ማለታቸውም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። እግዚአብሔር ሥጋ ከለበሰ ሥጋውን የሰጠችው እናት፣ ሥጋው የተሰቀለበትም እንጨት ተራ አይደሉም። የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ግን ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው እምቢ አሉ። በድንጋይ ተወገሩ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ከ38 ቀን በኋላ በዚያው ቦታ ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው ቤተ ክርስቲያን ሠሩበት፣ ከተሙበት፣ ዕድሜያቸውም እዚያው አለቀ። የከተማዋ ስም የያዘው ብርሃኑን ብቻ ነው፤ ድንጋዩን የሚያስታውስ ስም የላትም።

ወደ ልደቱ ክርክር ስንመለስ፣ በ1870 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ልቼ ለዐፄ ዮሐንስ ገቡ። በዚያው ዓመት ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደርጎ ሁለት ልደት ጸና፣ ሦስት ልደት ተወገዘ። በሦስት ልደት እምነታቸው ከጸኑት ተከራካሪዎች ምላሳቸው የተቆረጠ እንዳሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። የጉባኤውን ትምህርት ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የምላሱን መቆረጥ ግን የሚከስሰው ያው ትምህርት ነው። ቃል የነሣው ሥጋ ከእኛ ሥጋ ልዩ አይደለም፤ ልዩ ቢሆን ኖሮ አላዳነንም ነበር። ታዲያ ስለ ልደቱ ክብር ተብሎ የተቆረጠው ምላስ ድንግል ለልጇ የሰጠችው ባሕርይ ነው፤ እስጢፋኖሳውያን የተወገሩበትም ገላ እንዲሁ። ማቴዎስ በልደቱ ታሪክ ውስጥ ለዙፋኑ ብሎ ሕፃናትን የሚያርድ ንጉሥ አስገብቷል። ስለ ልደት ያን ያህል የጻፈ የዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ሄሮድስን ሲያነብ ራሱን አለመጠርጠሩ ያሳዝነኛል።

ዛሬ በአንኮበር ስለ ልደት ቁጥር የሚጋጭ የለም። ክርክሩ አልቋል፤ የሥጋው ነገር ግን አላለቀም። ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌሎችም አካባቢዎች ተፈናቅለው የመጡ ወገኖችን በመጠለያ ካኖረች ዓመታት አለፉ። በድንኳን ያማጡ እናቶች አሉ፤ እንደ ማንኛዋም የሀገራችን ሴት ማርያም ማርያም ተብሎላቸው፣ ማርያም ማረችሽ ተብለው። ዘርዐ ያዕቆብ ያዘዙት ወርኃዊ በዓል ደግሞ ባለወልድ ተብሎ እስከ ዛሬ ይከበራል፣ ጽዋ ይጠጣበታል። ማኅበርተኞቹ በ29 ከሚደግሱት ላይ ቀንሰው በመጠለያው ላለችው አራስ ገንፎዋን ቢያገነፉላት፣ ለሕፃኑም ባና ቢገዙለት፣ መጽሐፈ ሚላድን ከነሙሉ ትርጓሜው አነበቡት እላለሁ።