የዝሆን ጥርስ ገበያው በከተማ፣ ሸክሙ በገጠር

የአፍሪካ አዳራሽና ታላላቅ ሆቴሎች በሚገኙበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ ለስብሰባ የመጣ እንግዳ ወደ ሀገሩ የሚወስደው ማስታወሻ መሻቱ የተለመደ ነው። ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ ጌጥ ግን ዛሬ ይዞት ሊሄድ የሚፈቀድለት ዕቃ አይደለም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዝሆን ጥርስ ከቡናና ከወርቅ ጋር ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ ዝሆን የገደለም በጀግንነት ይወደስ ነበር። ዓለም አቀፉ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1989 በሳይተስ ስምምነት ሲታገድ፣ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የስምምነቱ አባል ሆነች።

መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. መንግሥት በልዩ ልዩ ጊዜ የተያዘ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጠለ። አንዳንድ የደቡባዊ አፍሪካ ሀገራት ክምችታቸውን ሸጠው ገንዘቡን ለጥበቃ ማዋል ይፈልጋሉ። ኢትዮጵያ ግን ተቃራኒውን መርጣለች። ምክንያቱም ተቀርጾ ያለቀ ጌጥ በሕጋዊ መንገድ ከተገኘ ጥርስ ይሁን በሕገወጥ አደን ከተገደለ ዝሆን በዓይን አይለይም፤ ሕጋዊው ሽያጭ ለሕገወጡ መሸሸጊያ ይሆናል።

ይሁን እንጂ እሳቱ የዘጋው የገበያውን በር ብቻ ነው። የፖሊሲው ሸክም ያረፈው ከካዛንቺስ ርቆ፣ እንደ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ባሉ አካባቢዎች በሚኖረው አርሶ አደር ላይ ነው። በዚያ እርሻና ሰፈራ ወደ ዝሆኑ መኖሪያ ገፍተዋል፤ ዝሆኑም ወደ ማሳው ይገባል። የዓመት ልፋቱ በአንድ ሌሊት የተረገጠበት ገበሬ ዝሆንን የሀገር ሀብት አድርጎ እንዲያይ መጠበቅ ከባድ ነው። እንዲያውም የተበደለ ጎረቤት አዳኙ ሲያልፍ አይቶ ዝም ሊል ይችላል።

ስለዚህ በቦሌ አየር ማረፊያ የሚደረገው ፍተሻ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ለጠፋ ሰብል ካሳ፣ ለአካባቢው ወጣት የጥበቃ ሥራ፣ ከቱሪዝም ገቢም ተጨባጭ ድርሻ ሊታሰብ ይገባል። የከተማው ነዋሪም ድርሻ አለው፤ የሚገዛ ሲጠፋ የሚገድልም ይቀንሳልና። ዝሆንን መጠበቅ የሁሉም ጥቅም ከሆነ ወጪውን ገበሬው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም።