«አይዞህ» የሚል መምህር

እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ በደማም፣ በኾበርና በዘህራን መካከል ይገኛል። በዚያ ከሚሠሩት የውጭ አገር ሠራተኞች መካከል ልጆቻቸውን በአገር ቤት ትተው የመጡ አባቶች ብዙ ናቸው። ዓርብ ሲደርስ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ስልክ ይደወላል። ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት ስለሌላቸው ደሴ ወይም ከሚሴ ያለው ልጅም በዚያው ሰዓት ከመስጊድ ተመልሶ ይሆናል። ከሰላምታ ቀጥሎ የአባት ጥያቄ ይመጣል፦ «ቁርአኑን የት አደረስከው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ላቡን አፍስሶ የሚያስተምር አባት የልፋቱን ፍሬ መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው። ነገር ግን ከእርሱ ጋር መነሣት ያለበትና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ኡስታዝህን ትወደዋለህ?»

የቁርአን ቤት ሥራ ከውጭ ሲታይ ፊደል ማስቆጠርና ሱራ ማስሐፈዝ ብቻ ይመስላል። ውስጡ ግን በትንንሽ ርኅራኄዎች የተሞላ ነው። ኡስታዙ ከመቀመጡ በፊት የቀረውን ልጅ በስሙ ይጠይቃል፤ ታሞ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ቤቱ መልእክተኛ ይልካል። ያዘነበለ ኮፍያ ያቃናል። እንቅልፍ ያሸነፈውን ሕፃን ጥቂት ያሳርፈዋል። አማርኛ «ሀ»ን እና «ሐ»ን በድምፅ ስለማይለይ ሕፃኑ በዐረብኛው ሲደናቀፍ፣ መስታወት ላይ የሚተነፍስ አስመስሎ ድምፁን ከጉሮሮ እንዲያወጣ ያሳየዋል፤ ልጆቹም እየሳቁ ይለማመዱታል። ልጁ ሲያቃናው «ማሻአላህ! ጎሽ!» ይለዋል፤ ሲሳሳት ደግሞ «አይዞህ፣ እንደገና» ይለዋል። ይህችን ቃል የሰማ ልጅ በማግስቱ ሳይጎተት ይመጣል።

ይህ አያያዝ ሱና ነው። የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ በሞተች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ እርሷ እየጠየቁ ሐዘኑን እንዳዋዙለት በሐዲስ ተዘግቧል። የአንድ ኡማ መሪ ሆነው ሳለ የአንድ ሕፃን ወፍ አልተናቀችባቸውም። አነስም ዐሥር ዓመት ሲያገለግላቸው አንድም ቀን የመሰልቸት ቃል ከአንደበታቸው እንዳልሰማ መስክሯል።

ሊቃውንቱም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በ256 ዓመተ ሒጅራ ያለፈው የቀይረዋኑ ሙሐመድ ኢብን ሰሕኑን ስለ መምህራን ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ የቅጣትን ወሰን አጥብቦ፣ መምህሩ የባለጸጋውንና የድሃውን ልጅ በእኩል ዐይን እንዲያይ አዟል። ኢብን ኸልዱንም በ«ሙቀዲማ» ስለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፏል። በኃይል የሚማር ሕፃን ስንፍናን፣ ውሸትንና ተንኮልን እንደሚለምድ፣ ዱላ እየፈራ ያልሆነውን መስሎ መታየት እንደሚጀምር አስጠንቅቋል።

አለንጋ ግን ከአንዳንድ ቁርአን ቤቶች እስከ ዛሬ አልወጣም። «እኛም በዱላ ነው የተማርነው» የሚለው የአዋቂዎች ክርክር የተለመደ ነው። ተምረው የቀሩት ይህን ይበሉ እንጂ፣ ዱላውን ሸሽተው ከትምህርቱ የራቁት ምን እንደሚሉ የሚጠይቃቸው የለም። ያቋረጠ ልጅ የሚያጣው አንድ ሱራ ብቻ አይደለም፤ ከመጽሐፉ ጋር የነበረው ወዳጅነት ነው። እርሱን በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ጉዳዩ ከወላጆቻቸው ጋር በደማምና በኾበር የሚያድጉትንም ልጆች ይመለከታል። እነርሱ ዐረብኛውን ከጎረቤትና ከጎዳና ይሰሙታል፤ እየሳሳ የሚሄደው አማርኛቸው ነው። አማርኛ የሚናገር ኡስታዝ ወይም ኡስታዛ ሲያስተምራቸው ንባቡ በዐረብኛ፣ ማበረታቻው ግን በእናት ቋንቋቸው ይሆናል። በመዲና የሚገኘው የንጉሥ ፈህድ የቁርአን ማተሚያ ማዕከል የቁርአንን መልእክት በአማርኛ ትርጉም አሳትሟል። ሕፃኑ ያንን ትርጉም አንድ ቀን በፍቅር እንዲገልጠው ቋንቋው አስቀድሞ የቁጣ ሳይሆን የፍቅር ቋንቋ ሊሆንለት ይገባል።

ስለዚህ የወላጆች ኃላፊነት ገንዘብ በመላክ አያበቃም። መምህር ሲመረጥ ድምፁና የሐፈዘው መጠን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥቱም ይጠየቅ። ሠላሳና አርባ ሕፃናት በአንድ መምህር ላይ ተጭነው ርኅራኄን ከእርሱ ብቻ መጠበቅ ፍትሕ አይሆንም፤ ረዳት ሊመደብለት፣ ክፍያውም በወቅቱ ሊደርሰው ይገባል። በልጆቹ ፊት ስሙ በክብር ይነሣ። ልጁ በትሩን እንደሚፈራ ሲናገር ደግሞ «ቻለው» ተብሎ አይታለፍ።

በሚቀጥለው ዓርብ ስልኩ ሲደወል አባት የሱራውን ስም ከመጠየቁ በፊት ኡስታዙ ዛሬ ምን እንዳጫወታቸው ይጠይቅ። ልጁ እየሳቀ ከመለሰ፣ ትምህርቱ በደኅና እጅ ላይ ነው።