ጎረቤት ትሪ ይዞ ሲመጣ

በዚህ ወር ስለ ለቅሶ ላወራችሁ ነው። ከበድ ይላል ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት፤ ምግብም አለበት፣ ትንሽ ሳቅም አያጣውም።

አትላንታ ወይም ዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩት ለቅሶ ሰው አያጣም። እድሩ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ አለ፣ መርዶ የሚነግር ሽማግሌም አይጠፋም። እኔ የማስበው በጆርጂያ፣ በአላባማ፣ በካሮላይና ትንንሽ ከተሞች ስላላችሁት ነው። የዶሮ ፋብሪካ፣ የሆስፒታል ወይም የማደያ ሥራ ብላችሁ የገባችሁ፣ ሐበሻ በጣት የሚቆጠርበት ቦታ። እዚያ መርዶ የሚመጣው በስልክ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር ይላል፣ በማግስቱ ደግሞ ሥራ መግባት አለ።

እኛ ከተማ ያለች አንዲት እህት እናቷ አገር ቤት አረፉባት። እዚህ ያለነው ሐበሾች አምስት ቤተሰብ ብንሆን ነው። ደረስንላት፣ ሁለት ቀን አብረናት ዋልን፣ ከዚያ ሁላችንም ወደየሥራችን ተበተንን። በሦስተኛው ቀን መጋረጃዋን ጋርዳ ብቻዋን ቁጭ አለች። ሁለተኛ ክፍል የሚማረው ልጇ ግን ትምህርት ቤት ሄዶ ለአስተማሪው "አያቴ ሞተች፣ እማዬ እያለቀሰች ነው" ብሎ ተናግሯል። በነጋታው ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት አዛውንት ሴትዮ በፎይል የተሸፈነ ትኩስ ትሪ በፎጣ ይዘው ቆመዋል። ከእሳቸው በኋላ አስተማሪዋ መጣች፣ ከዚያ ስማቸውን እንኳን የማታውቃቸው ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች። እስኪመሽ ጠረጴዛው ሞላ።

እሷ እቴ ደውላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ምጽዋት ነው እንዴ ያመጡልኝ? ምን ያህል ድሃ መስዬ ብታያቸው ነው?" ድምጿ ውስጥ ቁጣ ነበረበት። ብዙዎቻችን እንደዚሁ ነው የምናስበው፣ ስለዚህ ላስረዳችሁ።

ምጽዋት አይደለም። የደቡብ ሰው ሐዘን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ኦቭኑን መለኮስ ነው። ሐዘንተኛ አያበስልም የሚለው ደንብ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ እነሱም ያው ናቸው። ዶክተሩም ቢያዝን፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁም ቢያዝን ትሪው ይሄዳል። እንዲያውም የማይሄድለት ሰው ነው የሚታዘንለት። በየቤተ ክርስቲያኑ ማን ዳቦ፣ ማን ሥጋ፣ ማን ኬክ እንደሚያመጣ የሚመድቡ ሴቶች አሉ። የእድር ሴቶች በሏቸው፣ ነጠላ አልለበሱም እንጂ። ከቀብር በኋላም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው ተሰብስቦ ይበላል፤ ጥቁር አሜሪካውያን ይህንን ሪፓስት ይሉታል፣ ቀብሩን ራሱን ደግሞ ሆምጎይንግ፣ ወደ ቤት መግባት። ሰው ሞተ ማለትም አይወዱም፣ "ፓስድ" ነው የሚሉት፤ እኛ አረፈ እንደምንለው ማለት ነው።

መንገድ ላይም አይታችሁ ይሆናል። አስከሬን የያዘ መኪና መብራት ያበሩ መኪኖች አስከትሎ ሲመጣ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ዳር ይዞ ይቆማል። ሟቹን አያውቀውም። አባቶቻችን ቀብር ሲያልፍ ከተቀመጡበት ተነስተው ቆብ እንደሚያወልቁት ነው። ልጆቻችሁ ኋላ ወንበር ላይ ካሉ ለምን እንደቆማችሁ ንገሯቸው።

እድርም ቢሆን እዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ሳንቲም እያዋጡ የታመመ የሚረዱበት፣ የሞተ የሚቀብሩበት ማኅበር ነበራቸው። አሎንዞ ሄርንደን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1858 እዚሁ ጆርጂያ፣ ዋልተን ካውንቲ በባርነት ተወለደ። ፀጉር ማስተካከል ተምሮ አትላንታ ውስጥ ስመ ጥር ፀጉር ቤቶች እስከ መክፈት ደረሰ። በ1905 የጆርጂያ ሕግ እንዲህ ያሉ ማኅበራት 5,000 ዶላር እንዲያስይዙ ጠየቀ። ሳንቲም የሚሰበስብ የቄሶች ማኅበር ይህን ከየት ያመጣዋል? ሄርንደን ከእነዚህ አንዱን በ140 ዶላር ገዛውና አትላንታ ላይፍ የተባለው ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ከዚያ ወጣ። እንግዲህ "ወርሃዊ እናዋጣለን፣ ለቀብር ነው" ብላችሁ ለጥቁር ጎረቤታችሁ ብትነግሩት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። አያቱ ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ ትሪው ልመለስ፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የደቡብ ለቅሶ ያለ ሃም አይሆንም፣ ሃም ደግሞ አሳማ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም አንበላውም። የእኔ ምክር፦ በር ላይ ቆማችሁ ሃይማኖት አታስተምሩ። በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ አመስግኑ፣ ኋላ ለሚበላ ሰው ስጡት። "ምን ላምጣ?" ብሎ አስቀድሞ ለጠየቀ ግን እውነቱን ንገሩት፤ ፍራፍሬ፣ ጭማቂ፣ የወረቀት ሳህን፣ በረዶ በሉት። ደስ ይለዋል፤ ሰው የሚጠይቀው እንዲነገረው ነው። ጎመኑን አይታችሁ ደግሞ "እፎይ፣ የጾም ነው" እንዳትሉ። የእነሱ ጎመን ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው ከአሳማ አጥንት ጋር ነው፣ ፎሶሊያውም እንዲሁ። የበቆሎ ዳቦው እንቁላልና እንደ አሬራ ያለ ወተት አለበት። ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ቀኑም ቢሆን አይገጥምልንም፤ ብዙ ባፕቲስቶች ሰብሰብ ብለው እራት የሚበሉት ረቡዕ ማታ ነው፣ የእኛ ጾም ቀን! አንድ ሌላ ነገርም ይመጣላችኋል፣ ተቀቅሎ ለሁለት የተከፈለ እንቁላል፣ አስኳሉ በማዮኔዝና በሰናፍጭ የታሸ። ስሙ ዴቭልድ ኤግ ነው። እህታችን የስሙን ትርጉም ስትሰማ "በእናቴ ለቅሶ ላይ የሰይጣን እንቁላል!" ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

እሷ መጨረሻ ላይ ምን አደረገች? ሴትዮዋ በማግስቱ ተመልሰው ሲመጡ ንፍሮ አቀረበችላቸው። እኛ ፈራን፣ ስንዴና ሽንብራ የተቀቀለውን ፈረንጅ ምን ይለዋል ብለን። ረስተነዋል እንጂ የጆርጂያ ሰው በየመንገዱ ዳር የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየገዛ ሲቆረጥም ነው ያደገው። ሴትዮዋ እፍኝ ሙሉ ዘግነው አጠገቧ ቁጭ አሉ። ብዙም አልተናገሩም። የእናቷን ፎቶ እንድታሳያቸው ጠየቁ፣ ረጅም ሰዓት አዩት፣ ስማቸውንም ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው አጠሩት እስኪይዙት። እኔ ለቅሶ መድረስ ብዬ የማውቀው ይህንን ነው።

የሚከብደው ነገር የሚያውቁበት መንገድ አለመኖሩ ነው። እዚህ ሰው ሲያርፍ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ከቀብሩ በፊት በነበረው ምሽት አስከሬኑ ባለበት ቤት ሰው ይመጣል፣ ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ነው። የእኛ ሟች ግን ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ተቀብሯል። ጎረቤት የሚያየው መኪና ሲበዛና ጥቁር የለበሰ ሰው ሲገባ ሲወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ንገሩ። "እናቴ ኢትዮጵያ ውስጥ አርፋለች፣ እስከ ቅዳሜ ቤታችን ሰው እንቀበላለን" በሉ፣ ይበቃል። ጮክ ብሎ ማልቀስም ባህላችን መሆኑን ግራና ቀኝ ላሉት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ደንግጠው ፖሊስ እንዳይጠሩ።

ይህንን የምትናገሩት ግን እናንተው ናችሁ፣ ልጁ አይደለም። እዚህ ላይ አልለሳለስም። እንግሊዝኛው ስለሚቀናው የባንኩን ወረቀት አስተርጉሙት እሺ፣ የሐኪሙን ቀጠሮም እሺ። የአያቱን ሞት ግን የስምንት ዓመት ልጅ በየበሩ እየዞረ አይናገርም። እንግሊዝኛችሁ ቢሰበር ይሰበር። ሐዘን ያለበት ሰው ሰዋስው ሲያበላሽ የሚታዘብ ጎረቤት እስከ ዛሬ አላየሁም። ለልጁ የሚሆን ሌላ ሥራ አለ።

ትሪዎቹን ገልብጡና እዩ። ከሥራቸው ፕላስተር ተለጥፎ የባለቤቷ ስም ተጽፎበታል፤ እቃው ይመለስልኝ ማለት ነው። ልጁ ደብተርና እርሳስ ይዞ ይቀመጥ፣ ማን ምን እንዳመጣ ይጻፍ፣ ፕላስተሩ እንዳይለቅ ትሪውን ቀስ ብሎ ይጠብ። ሐዘኑ በረድ ሲል፣ ከአርባው በፊትም ይሁን በኋላ፣ አብራችሁ ሄዳችሁ መልሱ። ባዶውን መመለስ አያምርም። ድፎ ዳቦ ድፉ፣ ካልሆነ ሁለት ፍሬ ሎሚም ቢሆን ጣል አድርጉበት። በር ሲከፈት "እስ ማም፣ ታንክ ዩ ማም" ማለቱን ልጁ ከትምህርት ቤት ያውቀዋል። ወደ ቤት ስትመለሱ መንገድ ላይ ያ "ማም" የሚለው ነገር በአማርኛ "እርስዎ" እንደሚባል ንገሩት፣ በሚቀጥለው እሁድ ለአያቱ ጓደኛ ሲደውል ይሞክረው።

እህታችን የመጨረሻውን ትሪ የመለሰችው ባለፈው ሳምንት ነው። ሴትዮዋ ዳቦውን አሽተው የጥቁር አዝሙዱን ስም ጠየቋት። እስካሁን በትክክል መጥራት አልቻሉም፣ ልጁ ነው የሚያርማቸው።